የእንጨት መጫወቻ፦ ከአናጺው ቤት እስከ ሕፃኑ አፍ

የአንድ ዓመት ሕፃን እጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ያላምጠዋል፣ ይልሰዋል፣ በድዱ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አገላብጦ የሚያየው። ወላጅ ቢቆጣም ልጁ አይተውም፤ በዚህ ዕድሜ ነገርን የሚያውቅበት ዋናው መንገድ አፉ ነውና። ስለዚህ ለሕፃን የሚሠራ የእንጨት መጫወቻ የሚመዘነው እንደ ወንበር ሳይሆን እንደ ማንኪያ ነው። ቀለሙ በምራቅ ይለቃል ወይ? ስንጥሩ ከንፈር ይወጋል ወይ? ተሰብሮ የሚወድቀው ቁራጭ ጉሮሮ ይዘጋል ወይ? የቀረው ሁሉ፣ ማማሩም ዋጋውም ጭምር፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ የሚመጣ ነው።

እንጨት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ለልጅ አይጎዳም የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 አር.ሲ.2 የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በቻይና ያሠራቸውን ‹‹ቶማስ›› በመባል የሚታወቁ የእንጨት ባቡሮችና ተጓዳኝ ዕቃዎች፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። እንጨቱ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ የተገኘው በላዩ በተቀባው ቀይና ቢጫ ቀለም ውስጥ ነው፤ ቀለሙ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነበረበት። ዕቃዎቹ ርካሽ አልነበሩም፣ ስማቸውም የታወቀ ነበር፤ ያም ሆኖ ጉዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ በሕፃናት እጅ ቆይተዋል። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ሕጓን አጥብቃ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን ከ600 ወደ 90 ሚሊግራም በኪሎ አወረደችው።

በቶንጎ የሚኖር ወላጅ ጉዳዩን የሚያየው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ቶንጎ ከአሶሳ በስተደቡብ የምትገኝ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት፤ አሶሳ ራሷም ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከመርካቶ ተጭኖ የሚመጣው መጫወቻ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ መለያ ጽሑፍ ቢኖረው እንኳ መንገድ ላይ ካርቶኑ ተቀዶ ጠፍቶ ይደርሳል። መጫወቻን በላቦራቶሪ የሚመረምር ቅርብ የለም። በአንጻሩ ግን የከተማ ሰው የሌለው አንድ ነገር እዚህ አለ፦ አናጺው በእግር የሚደረስበት ሰው ነው። እንጨቱን ከየት እንዳመጣ፣ በምን እንደቀባው፣ ሚስማር የት የት እንደመታ ራሱ ይጠየቃል፤ ካልተስማማም ደግሞ እንዲሠራው ይደረጋል። የሰለጠነው ዓለም መለያ ምልክትና የምርመራ ወረቀት የፈለሰፈው ሠሪውንና ገዢውን ውቅያኖስ ስለለያቸው ነው። እዚህ ግን ጠያቂው ምን እንደሚጠይቅ ካወቀ ወረቀቱ ባይኖርም ብዙ አይጎድልበትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የእንጨቱ ዓይነት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ አናጺዎች ዘንድ የተከበረው ዋንዛ ነው፤ ለመላግ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም አይጣመምም፣ ጠርዙን ለማዞር አያስቸግርም። ዝግባ ቀለሙ ፈዛዛ፣ ጭረቱ ወጥ ስለሆነ ለኩብና ለኳስ ይስማማል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሕፃን የሚጨብጠው ቀለበት ቢሠራበት ለዓመታት ይቆያል፣ ትልቅ ዕቃ ቢሠራበት ግን ክብደቱ የልጅ እግር ላይ ሲወድቅ ይጎዳል። ባህር ዛፍ የትም ይገኛል፣ ዋጋውም አይከብድም፤ ሆኖም ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው ለትናንሽ ነገሮች ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሶሳ በማንጎዋ ትታወቃለችና ያረጀ የማንጎ ግንድም አይጠፋም። የእርጥብ ማንጎ ሙጫ ቆዳን የሚያሳክካቸው ሰዎች ስላሉ ግንዱ በደንብ እስኪደርቅ ድረስ ለዚህ ሥራ አይነካም።

ዋንዛና ዝግባ ሲነሱ ሕጉም አብሮ መነሳት አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ዛፎቹ እየተመናመኑ መሆናቸው ያኔም ግልጽ ነበርና። ለመጫወቻ ግን ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። አልጋና ቁም ሣጥን በሚሠራበት ቤት መጋዙ ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ምድጃ ውስጥ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላው የዋንዛ ጣውላ ለአናጺው ትርፍራፊ ነው፤ ለአንድ ሕፃን ግን በርከት ያሉ ኩቦች ይወጡታል።

የአካባቢው ልዩ ሀብት ሽመል፣ ማለትም የቆላው ቀርከሃ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት የቀርከሃ ዓይነቶች በተፈጥሮ ይበቅሉባታል፤ ከሁለቱ በሰፊው የተዘረጋው ሽመል ሲሆን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋነኛ መገኛው ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው። የሽመል ውስጥ ግን ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው፤ ለመጫወቻ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ከአንድ ዘንግ ላይ ተቆርጦ የጋሪ ዘንግ፣ የመጫወቻ እንስሳ እግር፣ የሕፃን መጨበጫ ይሆናል። ጉዳቱ ደግሞ ስንጥሩ ነው። የቀርከሃ ስንጥር ቀጭንና ስል ነው፤ ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ስለዚህ ሽመል ለሕፃን ሲታሰብ ተሰንጥቆና ተጠርቦ ሳይሆን ድፍኑ እንዳለ ተቆርጦ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ዙሪያውን ተሞርደውና ለስልሰው መሠራት አለበት። ለእንቅብና ለምንጣፍ የሚሰነጠቀው ዓይነት ለሦስት ዓመት ልጅ መጫወቻ አይሆንም። ሌላው ጠላቱ ነቀዝ ነው። የሽመሉ ውስጥ ስታርች ስላለው ነቀዙን ይጠራል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ዘንግ ከተቆረጠ ደግሞ ይብስበታል። ባለሙያዎች በበጋ ቆርጠው ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ያቆዩታል፤ ስታርቹ ታጥቦ ይወጣና ነቀዙ የሚበላው ያጣል። በቦራክስ መንከርም የተለመደ መከላከያ ነው፤ ለአጥርና ለጣሪያ መልካም ቢሆንም አፍ ለሚገባ ዕቃ አይመከርም።

ሊጣሉ የሚገባቸው እንጨቶች ከሚመረጡት ይልቅ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። ምዕራብ ወለጋንና አሶሳን ምስጥ ክፉኛ ያጠቃቸዋል። ነዋሪው ምሰሶውንና የበር መቃኑን ከምስጥ ለማዳን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጠቆር ያለ ጣውላ፣ ሲታሸት ጋራዥ ጋራዥ የሚሸት ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢላግ ለመጫወቻ አይሆንም፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል፣ በውስጡም ካንሰር የሚያመጡ ውሁዶችና የብረት ቅሪቶች አሉበት። የመብራትና የስልክ ምሰሶ ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ እንዲህ ያሉ ምሰሶዎች እንዳይበሰብሱ በመርዛማ ኬሚካል የተነከሩ ናቸው። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ደግሞ ጠንቀቅ ተብሎ መታየት አለበት። ቶንጎ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የተሰደዱ ሰዎችን ያስጠለለች ከተማ ነበረች፤ ከእርዳታ ጭነት ጋር ፓሌትም ገብቶባታል። ከሀገር ወደ ሀገር የሚሻገር ፓሌት ጎኑ ላይ ማኅተም ይደረግበታል። በማኅተሙ ላይ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ‹‹ኤች›› እና ‹‹ቲ›› ከሆኑ እንጨቱ ተባይ የተወገደለት በሙቀት ነው፤ ‹‹ኤም›› እና ‹‹ቢ›› ከሆኑ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ታጥኗል። ሁለተኛው ይቅር። የመጀመሪያውም ቢሆን ምን እንደፈሰሰበት የሚታወቅ ነገር ስለሌለ ንጹሕ ጣውላ ሳለ እሱን የሚመርጥ አይኖርም።

ችፑድና ኤምዲኤፍ በፋብሪካ ሙጫ የተጣበቀ የእንጨት ዱቄትና ፍርፋሪ ናቸው። ሙጫው ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያተናል፣ ጣውላውም ምራቅ ሲነካው አብጦ ይፈረፈራል። ከዕፅዋት ወገን ደግሞ ቁልቋልና ቅንጭብ በምንም መልኩ ወደ ሕፃን መቅረብ የለባቸውም፤ ነጩ ወተታቸው ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። እንዲንሿሿ ተብሎ ቅል ወይም የተቦረቦረ ሽመል ውስጥ የሚጨመረው ፍሬም መጠየቅ አለበት። በየጓሮው የሚበቅለው ጉሎ ፍሬው ሲያዩት ያምራል፤ ቢታኘክ ግን ጥቂቱ እንኳ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ቀይ ሆና አንድ ጫፏ የጠቆረ የሐረግ ፍሬም በጌጥነት ትሰካለች፤ መርዟ ከጉሎ አያንስም። ቅል ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ የታሰረውም ፍሬ ይበተናል። ከዚህ ሁሉ የተሻለው ድምፅ የሚወጣው እርስ በርስ ከሚጋጩ የእንጨት ቀለበቶች ነው፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር የለውምና።

እንጨቱ ከተመረጠ በኋላ መድረቁ ይታያል። የአሶሳ ዝናብ አንድ ወቅት ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ አየሩ ይርሳል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ይደርቃል። በክረምት በእርጥቡ የተገጠመ መንኮራኩር በየካቲት ሲሸበሸብ ዘንጉ ላይ ይላላል፣ ከዚያም ይወልቃል። ጥሩ አናጺ ጣውላውን በጥላ ሥር አነባብሮ፣ በመሃል ቀጫጭን ዘንግ አድርጎ አየር እንዲያልፍበት በማድረግ ያደርቀዋል። ያልደረቀ እንጨት በእጅ ሲያዝ ይቀዘቅዛል፣ ከመጠኑም በላይ ይከብዳል። ጫፉ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የሚታይበት ደግሞ በችኮላ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው።

የአሠራሩ ጥራት በጋሪ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆች ራሳቸው ከማሽላና ከበቆሎ አገዳ የሚሠሩት ጋሪ በየመንደሩ አለ፤ ቀላልና ደስ የሚል ነው፣ በቀኑ ይሰበራል፣ በማግስቱ ሌላ ይሠራል። ከአናጺ የሚገዛው ግን ሊጎተት፣ ሊረገጥ፣ ከደረጃ ሊወረወር ነው። መንኮራኩሩ በሚስማር የተመታ ከሆነ ሲሽከረከር ሚስማሩ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አንድ ቀን መንኮራኩሩ ተፈናጥሮ ሚስማሩ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይቀራል። ብልህ አናጺ ከጎን እስከ ጎን የሚያልፍ የእንጨት ዘንግ ያስገባል፤ ዘንጉ ከጋሪው ሆድ ውስጥ በነፃነት ይዞራል፣ መንኮራኩሮቹ ግን ከዘንጉ ጫፍና ጫፍ በነጭ ኮላ ይጣበቃሉ፣ ኮላው ላይም ቀጭን የእንጨት ችንካር በአግድም ይመታል። በዚህ መንገድ የተሠራ ጋሪ አንድም ብረት የለበትም። ሲገዛ መንኮራኩሩን ይዞ በኃይል መሳብና መጠምዘዝ ይገባል፤ አናጺው ቢቀየምም። በአዋቂ እጅ ያልተነቀለ በሕፃን እጅ የመነቀል ዕድሉ ጠባብ ነው። በመንኮራኩሩና በጋሪው ጎን መካከል ያለው ክፍተት የሕፃን ጣት አስገብቶ የሚይዝ መሆን የለበትም፤ ወይ በጣም ይጥበብ፣ ወይ ጣቱ ገብቶ በቀላሉ እስኪወጣ ይስፋ። ከኩሽኔታ የሚሠራው የሚጋለብ ጋሪ የትልልቅ ልጆች ነገር ስለሆነ እዚህ አይገባም።

የልስላሴ መፈተኛው በአካባቢው የሞላው ጥጥ ነው። ተባዝቶ የላላ ጥጥ በዕቃው ላይ በሁሉም አቅጣጫ ይታሻል፤ ጭረት ወይም ስንጥር ባለበት ቦታ ሁሉ ጥጡ ይቀራል። ዓይንና የአዋቂ ጣት የማያገኙትን ጥጥ ያገኘዋል። አናጺው በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሰ በኋላ ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ማድረቅና እንደገና መፈግፈግ አለበት፤ የመጀመሪያው እርጥበት የተኛውን የእንጨት ጭረት ያስነሳዋል፣ ሁለተኛው ፍግፈጋ ይቆርጠዋል። ይህ ካልተደረገ ዕቃው ሱቅ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ ሕፃኑ ሲልሰው ይሻክራል። ማዕዘን ሁሉ መዞር አለበት፤ ስል ማዕዘን ያለው ኩብ ገና መራመድ ለጀመረ ልጅ ግንባር አደጋ ነው።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትልቁ አደጋ መታነቅ ነው። ዓለም አቀፍ የመጫወቻ ደንቦች መለኪያ አድርገው የያዙት ወርዱ 31.7 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ወገኑ 25.4፣ ሌላ ወገኑ 57.1 ሚሊሜትር ሆኖ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። መጫወቻው ወይም ከእሱ የተሰበረ ቁራጭ ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ ከገባበት ለዚያ ዕድሜ አይፈቀድም። ወርዱ ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ እምብዛም አይበልጥም። እግረ መንገድ፣ ቆርኪው ራሱ በየግቢው የሕፃን መጫወቻ ሆኖ መታየቱ የዚህን አደጋ ስፋት ያሳያል። አናጺ ይህን መለኪያ ከቱቦ ወይም ከሽመል ቦርቡሮ በአንድ ከሰዓት ሊሠራው ይችላል። ኳስ ክብ ስለሆነች ጉሮሮን አጥብቃ ትዘጋለች፤ በዚህም ምክንያት ለዚህ ዕድሜ ወርዷ ከ44.5 ሚሊሜትር እንዲበልጥ የአሜሪካ ደንብ ያዛል። ገመድም የራሱ ልክ አለው፤ ከ18 ወር በታች ላለ ሕፃን መጫወቻ ላይ ከ22 ሴንቲሜትር የረዘመ ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። የገበጣ ጠጠርም በዚሁ ሚዛን ለታላላቆች ብቻ ነው፤ ጨዋታው ሲያበቃ ተቆጥሮ መነሳት አለበት።

ቀለም ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያታልል ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለእርሳስ ‹‹ይህን ያህል አይጎዳም›› የሚባል መጠን የለውም፤ የሕፃንን አንጎል ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ በአንድ ኪሎ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስናለች። ይሁንና ከደንቡ በፊት የተመረተ ጣሳ በሩቅ ከተማ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ለበርና ለመስኮት የሚቀባው ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም በተለይ የሚያጠራጥር ነው። አንቲሩጂም ለብረት እንጂ ለሕፃን ዕቃ አይደለም። ቫርኒሽ ሲደርቅ ብዙም አይከፋም፣ በቀጭኑ ካልተቀባ ግን ጥርስ ያገኘው ልጅ እየቀረፈ ይበላዋል።

በአካባቢው ከዚህ ሁሉ የሚሻል ነገር አለ። ምዕራቡ የማር አገር ነው፤ ማር ባለበት ሰም አለ። የተጣራ ሰም አንድ እጅ፣ የምግብ የተልባ ዘይት ሦስት ወይም አራት እጅ ሆኖ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ይቀልጣል፤ በጨርቅ ተነክሮ እንጨቱ ላይ ይታሻል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ዕቃው አየር በሚያገኝ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል። የተልባ ዘይት የሚመረጠው አየር ሲያገኝ የሚደርቅ ስለሆነ ነው። የኑግ ዘይትም ቢዘገይም ይደርቃል። የለውዝ ዘይት ግን አይደርቅም፣ እያጣበቀ ይኖርና ይሻግታል፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከሱቅ የሚገዛ ‹‹የተቀቀለ›› የተልባ ዘይት ማድረቂያ ብረቶች ስለሚጨመሩበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ቢጣል ራሱን እያሞቀ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ከገበያ በተገዛ ዕቃ ላይ የሚታዩት ምልክቶች ሙሉ በሙሉ አይታመኑም። የላቲኑ ‹‹ሲ›› እና ‹‹ኢ›› ጎን ለጎን የታተሙበት ዕቃ የአውሮፓን ደንብ አሟልቷል ብሎ በአብዛኛው የሚመሰክረው ራሱ አምራቹ ነው፤ አስመስሎ መለጠፍም ቀላል ነው። ‹‹0-3›› ተጽፎበት የተሰረዘው የሕፃን ፊት ግን ችላ መባል የለበትም፤ ዕቃው ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይሆን አምራቹ ራሱ ማመኑ ነውና።

የትኛው መጫወቻ ለየትኛው ዕድሜ የሚለው ብዙ አያደክምም። በመጀመሪያው ዓመት የሚጨበጥ ቀለበት ይበቃል። መራመድ ሲጀምር የሚጎተት ጋሪ፣ ቀጥሎ የሚደረደር ኩብ ይመጣል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ተቋሙን ሲከፍት ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች መካከል የእንጨት ኳስ፣ ኩብና ሲሊንደር ነበሩ፤ ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የጀመረችው ትምህርት ቤት መጠናቸው የሚለያይ የእንጨት ሲሊንደሮች ነበሩት። ለአናጺ ይበልጥ የሚጠቅመው የአሜሪካዊቷ ካሮላይን ፕራት የእንጨት ጡብ ነው። ውፍረቱ 3.5፣ ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን አንዱ ልኬት የሌላው እጥፍ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች አንድ ሙሉ ሲሞሉ ልጁ ሳይነገረው ክፍልፋይን ያያል። ትንሹ ጎኑ እንኳ ከመታነቂያው መለኪያ ይበልጣል። ኢትዮጵያ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጣች ወዲህ ‹‹ኦ ክፍል›› በየትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፤ ለአንድ ክፍል ጥቂት ዓይነት ዕቃ በብዛት መሥራት ብዙ ዓይነት አንዳንድ ከመግዛት ይሻላል፣ ሃያ ልጅ በአንዲት ጋሪ ይጣላልና።

የእንጨት መጫወቻ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ይታበሳል፣ በጥላ ይደርቃል፤ ብዙ ሕፃናት የሚጋሩት ከሆነ በየቀኑ። በየጊዜው በጥጥ ይፈተሻል፣ መንኮራኩሩ ይሳባል፣ ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ከታየበት ነቀዝ ገብቶበታል። የተሰነጠቀው ተፈግፍጎ ካልተስተካከለ ይወገዳል። በሰምና በተልባ ብቻ የታሸ ከሆነ ምድጃ ውስጥ ቢገባ አይጎዳም። ቀለም የተቀባው ወይም በኬሚካል የተነከረው ግን እንጀራ በሚጋገርበት እሳት አይነድም፤ ሲቃጠል እርሳሱ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ የቀረውም በአመዱ ውስጥ ይቆያል።